ያፏጩ የተባልኩ ዕለት

ፊቴ የጠመመው ጠዋት ነው። ለሱብሒ ውዱእ ሳደርግ የተጉመጠመጥኩት ውሃ በግራ በኩል ወጥቶ በአንገቴ ወረደ። ደግሜ ተጉመጠመጥኩ፤ ደግሞ ወረደ። ጣሳው የተቀደደ መስሎኝ ገልብጬ አየሁት። ጣሳው ደህና ነው። የተቀደድኩት እኔ ነኝ።

መስታወት ፊት ስቆም ግማሹ ፊት የእኔ ነው፤ ግማሹን አላውቀውም። ግራ ጉንጬ ታጥቦ እንደተሰጣ ጨርቅ ተንጠልጥሏል፣ ግራ ቅንድቤ ተኝቷል፣ አፌ ወደ ቀኝ ሸሽቷል። ልስቅ ሞከርኩ። ቀኙ ሳቀ፤ ግራው ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ዝም አለ።

እኛ ሰፈር፣ ሐረር ፈላና በር አካባቢ፣ ወሬ ከባለቤቱ ቀድሞ ነው የሚደርሰው። ፀሐይ ሳይሞቅ ግቢዬ በጎረቤት ሞላ። አንዷ "ነፋስ መትቷት ነው" አለች። አንዷ "ዓይን ነው፤ ዓይን በልቷታል" አለች። አንዷ ደግሞ ከኋላ ሆና "ያ ሁሉ ዓመት ሰው ስትገሥጽበት የኖረችበት አፍ፣ ደከመው በቃ!" አለች። ሴቶቹ ሻሻቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ማን ማን እንደሳቀ ግን በቀኝ ዓይኔ ይዣለሁ።

ሐኪሙ የፊት ነርቭ ነው አለኝ። ጭንቅላት አይደለም፣ ደም ግፊትም አይደለም፣ ከጆሮ ጀርባ የሚያልፈው ነርቭ አብጦ ነው አለ። ኪኒን ሰጠኝ፤ አልከደን ላለው ዓይኔ ጠብታ ሰጠኝ፤ "አብዛኛው ሰው ይሻለዋል፤ በእርስዎ ዕድሜ ግን ሊዘገይ ይችላል" አለኝ። ስለ ዕድሜዬ ማን ጠየቀው?

የከፋኝ መልኬ አይደለም። በመልኬ ድሮ ተጠቅሜበታለሁ፤ የቀረውን ለማንም አልሸጥም። የከፋኝ ሌላ ነው። ግራ ዓይኔ ስለማይከደን እርግብ ባደረግሁ ቁጥር የሚዘጋው ቀኙ ብቻ ነው። ስለዚህ ሳላስበው መንገድ ላይ ያገኘሁትን ሁሉ እጠቅሳለሁ። አንድ ቀን ከመስጊድ የሚወጡ ሽማግሌ ሰላም ብዬ ስጠቅሳቸው "አዑዙ ቢላህ!" ብለው እርምጃቸውን አፈጠኑ። ሚስታቸው እስከ ዛሬ ስታየኝ ወገቧን ትይዛለች።

ከዚያ የባሰው ደግሞ ገበያው ነው። ቲማቲም የምትሸጥልኝ ሴት አለች፤ ዓመታት ሙሉ በሚዛን ስንጣላ የኖርን። እሷ በጣቷ ሚዛኑን ትጫናለች፤ እኔ ጣቷን እመታለሁ፤ እንዲህ ነው ፍቅራችን። ፊቴ ከጠመመ በኋላ የሄድኩ ቀን ሳልጠይቃት ምርጥ ምርጡን ለቅማ፣ ጨምራ፣ "ውሰጂ እናቴ፣ አላህ ያሽርሽ" አለችኝ። ጣቷ ሚዛኑን አልነካም። ቲማቲሙን ይዤ ስመለስ ያለቀስኩት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ያውም በአንድ ዓይን።

ዋናው ጉዳቴ ግን አፎቻችን ውስጥ ነበር። አፎቻ ለሐዘንም ለሠርግም የምንረዳዳበት የሴቶች ማኅበራችን ነው። እዚያ ድርሻ አከፋፋይዋ እኔ ነበርኩ። ሥጋም ይሁን ሩዝ፣ ሀብታም ትሁን ደሃ፣ ከእጄ እኩል ይዛ ትወጣለች። የምትቆጣ ትቆጣለች፤ እኔም እቆጣለሁ፤ ነገሩ ያልቃል። አሁን ግን ስቆጣ ቃሉ በግራ በኩል ያፈተልካል። "ፍርድ" ልል ስል አየር ብቻ ይወጣል። ሴቶቹ አንገታቸውን ደፉ፤ "አንቺ ዕረፊ" አሉኝ፤ ጭልፋውን ለሌላ ሴት ሰጡ። ሴትዮዋ ክፉ አይደለችም። ግን እህቶች አሏት፤ የእህቶቿ ሳህን ደግሞ ከሌላው ሳህን ከፍ ከፍ ማለት ጀመረ። ያንን አፌን ካልመለስኩ ያንን ጭልፋ አላገኘውም።

ስለዚህ ሐኪሙ "ከግንቡ ውጭ፣ አዲሱ ከተማ ውስጥ፣ ለፊት ብቻ የሚሠራ የፊዚዮቴራፒ ክፍል አለ፤ የእንቅስቃሴ ሕክምና ይሰጣሉ" ሲለኝ በነጋታው ባጃጅ ይዤ ሄድኩ።

ባለሙያው ጢሙ ገና እየተመካከረ ያለ ወጣት ነው፤ የከተማችን የክርስቲያን ቤተሰብ ልጅ፣ ጨዋ። ክፍሉ ውስጥ ወንበር፣ መስታወት፣ የሞቀ ውሃ ያለበት ሳህንና ፎጣ፣ ወንበሩ ፊት ለፊት ደግሞ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ የተተከለ ካሜራ አለ።

"እማማ፣ ሕክምናው መሥራቱን የምናውቀው በቪዲዮ ነው" አለኝ። "ዛሬ እቀርጽዎታለሁ። ሕክምናውን ከወሰዱ በኋላ ደግሞ እቀርጽዎታለሁ። ቪዲዮዎቹን አዲስ አበባ ያሉ ባለሙያዎች አይተው ነጥብ ይሰጣሉ።"

"አንተ ለምን አትሰጥም? ዓይን የለህም?"

"እኔ አክሜዎት ራሴ ተሻሉ ብል ማን ያምነኛል? እነሱ እርስዎን አያውቁም። ስም አይላክላቸውም። የትኛው ቪዲዮ የመጀመሪያ፣ የትኛው የመጨረሻ እንደሆነም አይነገራቸውም። ፊትዎን ብቻ አይተው ይፈርዳሉ።"

ወላሂ፣ ከታመምኩ ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ዳኛው ባለጉዳዩን የማያውቅበት ፍርድ! አማላጅ የለ፣ ዘመድ የለ፣ ከንፈር መምጠጥ የለ። ቀጥሎ ያለውም አልከፋኝም፦ ተራ የሚጠብቅ ሰው ብዙ ነው፤ ወንበሩ አንድ ነው። በመጀመሪያው ዙር ለውጥ ያሳየ ይቀጥላል፤ ያላሳየ ወንበሩን ለሌላ ይለቃል። "ትክክል ነው" አልኩት። በኋላ ጣጣ ውስጥ ያስገባችኝ ይህች ቃል ናት።

ካሜራው ላይ ቀይ መብራት በራ። ተስተካክዬ ተቀመጥኩ።

"አሰላሙ አለይኩም ልጆቼ" አልኩ። "እንዴት ናችሁ? ቤተሰብ ደህና ነው? አዲስ አበባ ዝናቡ እንዴት አደረጋችሁ? እኔ ከሐረር ነኝ፣ ፈላና በር። ሕክምናውን ገና ዛሬ ልጀምር ነው፤ አላህ በእናንተ እጅ..."

ልጁ ሮጦ ካሜራውን አጠፋ።

"እማማ! ሁሉንም ነገሯቸው እኮ! እንዳያውቁ ነው ያልኩዎት!"

"ሰው ቤት ሲገባ ሰላም አይባልም?"

"ቤታቸው አልገቡም።"

"ፊቴ ገብቷል።"

ግንባሩን በእጁ ያዘ። "እሺ። ከዛሬ ጀምሮ ድምፁን እያጠፋሁ ነው የምልከው። የእርስዎን ብቻ አይደለም፤ የሁሉንም።" በእኔ የተነሣ የሐረር በሽተኛ በሙሉ ዲዳ ሆኖ አዲስ አበባ ገባ።

እንደገና ጀመርን። "ቅንድብዎን ወደ ላይ" አለ፤ አንዱ ወጣ። "ዓይንዎን ቀስ ብለው ይጨፍኑ፤ አሁን አጥብቀው" አለ፤ አንዱ ተጨፈነ። "ጥርስዎን እያሳዩ ፈገግ ይበሉ" አለ። ለማላውቀው ጎረምሳ ጥርሴን ማሳየት አሳፈረኝ፤ ግን ለሕክምና ነው ብዬ ያሉኝን አሳየሁት። ቀጥሎ፣

"አሁን ደግሞ ያፏጩ።"

"ምን?"

"ያፏጩ። እንዲህ።" ከንፈሩን አሹሎ እንደ ወፍ አፏጨ።

"እናትህንም እንዲህ በይ ትላታለህ?"

ልጁ ቀላ። "እሺ እማማ፣ ይለፈን" አለና ወደሚቀጥለው አለፈ። እኔም አለፈ ብዬ አሰብኩ።

ከዚያ በኋላ ሥራ ሆነ። የሞቀ ፎጣ ጉንጬ ላይ ያደርጋል፤ በጣቱ ከአገጬ ወደ ጆሮዬ ቀስ ብሎ ያሻል፤ ከዚያ መስታወት ፊት አስቀምጦ ፊቴን ያሠራኛል። ኃይል አይወድም። ጨክኜ ስጎትት "ቀስ፣ ቀስ፣ በግድ ከጎተቱት ነርቩ መንገድ ይሳሳታል፤ በኋላ አፍዎ ሲስቅ ዓይንዎ ይዘጋል" ይለኛል። በጉልበት ለኖረች ሴት በቀስታ መኖር ከባድ ትምህርት ነው። ግን አንድ ቀን ጠዋት ስጉመጠመጥ ውሃው አፌ ውስጥ ቆየ። አልሐምዱሊላህ ብዬ ደግሜ ተጉመጠመጥኩ፣ ቆየ። ጥማት እንዳለበት ሰው ጣሳውን ጨረስኩት።

ኮሪደሩ ላይ ተራ ስንጠብቅ ተዋወቅን። ከአቦከር ሰፈር የምትመጣ ልብስ ሰፊ አለች፤ ሳቂታ፣ ከእኔ በብዙ የምታንስ። ከገጠር ወተት ይዛ የምትመጣ ሴት አለች፤ ወተቷን ሸጣ ነው ወደ ሕክምናው የምትገባው። አንድ የጫት ነጋዴ አለ፤ ጎልማሳነቱን የጨረሰ፣ ግን ያላመነበት። እሱ ሲቀረጽ ኮሪደሩ ሁሉ ይሰማል። ፉጨቱ በሩን አልፎ፣ መስኮቱን አልፎ፣ ግቢው ውስጥ ያለ ዘበኛ ዘወር እስኪል ድረስ ይደርሳል።

"ሰማችሁ?" ይለናል ሲወጣ፣ ትከሻውን እያሰፋ። "ነርቭ ይሏችኋል ይህ ነው!"

ሁለተኛው የመቀረጫ ቀን ሲደርስ ልብስ ሰፊዋ ተሸቀርቅራ መጣች። ኩል ተኩላለች። ሻሿን ደግሞ እንዲህ አጥብቃ አስራዋለች፣ የወረደው ጉንጯ እንደ መጋረጃ ተጎትቶ ወደ ላይ ወጥቷል።

"ፍቺው" አልኳት።

"ምኑን?"

"ሻሹን። ጉንጭሽን በገመድ ሰቅለሽ ዳኛ ፊት ልትቀርቢ ነው?"

"እንዴ እማማ፣ ካሜራ እኮ ነው! ሰው ለካሜራ አይዋብም? እንዲሁ እንደ ተነሣሁ ልምጣ?"

"ተዋቢ። ጉንጭሽን ግን ልቀቂው።"

እያጉረመረመች ፈታችው። ጉንጯ ወረደ፤ ግን ያን ያህል አልወረደም፤ ከመጀመሪያው ቀን ይሻል ነበር። "አየሽ? አለሽ እኮ!" አልኳት። ደስ ሲላት ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ኩሉም ፈሰሰ፤ እሱንም እኔው ጠረግሁላት።

በዚያ ወሬ መካከል ነው ነገሩ የወጣው። ወተት ሻጯ "እኔን የሚጨንቀኝ ያ ፉጨት ነው" አለች። "አላደርግም አልኩት። ባሌ ቢሰማ ምን ይላል?" ልብስ ሰፊዋም ሳቀች፤ "እኔም አላደረግሁም። እናቴ በሕይወት ኖራ ሴት ልጅ ስታፏጭ ብትሰማ እዚሁ ድረስ በመጥረጊያ ትመጣ ነበር።" ሦስታችንም አላፏጨንም። ያፏጩት ወንዶቹ ብቻ ናቸው።

ተራዬ ደርሶ ገባሁ። ልጁ ካሜራውን አብርቶ ያዘጋጃል። ወንበሩ ላይ እየተቀመጥኩ ጠየቅሁት።

"ያኔ ያለፍናት የፉጨቷ ነገር፣ ምን ተደረገች?"

"ዜሮ ነው የተሰጣት።"

"ዜሮ?"

"ከንፈርዎ ስላልተንቀሳቀሰ ነዋ። ዛሬ ካፏጩ ትልቅ ለውጥ ሆኖ ይቆጠርልዎታል። ካላፏጩ ደግሞ ያው ዜሮ ነው፤ ለውጥ የለም ማለት ነው።"

ከወንበሩ ተነሣሁ። ከዚያ በኋላ ያልኩትን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም፤ የምጽፈው የሚጻፈውን ብቻ ነው።

"ያቃተው ሰውና እምቢ ያለ ሰው አንድ ነው?" አልኩት። "እኔ አላቃተኝም። እምቢ ነው ያልኩት! በእኛ ቤት ሴት አታፏጭም። ወንዱም ቢሆን ቤት ውስጥ አያፏጭም። ፈላና በር ነው የምኖረው፤ እኛ ሰፈር የሚያፏጨው ዋራባውን የሚያበላው ሰውዬ ብቻ ነው፤ ሲያፏጭ ምን እንደሚመጣለት አይቻለሁ!" ዋራባ የምንለው ጅቡን ነው።

"እማማ፣ ቀን ነው፤ ጅብ አይመጣም።"

"ጅቡን ማን ፈራ? የሚመጣው ሰው ነው! 'የእንትና አያት አዲሱ ከተማ ሄዳ ለጎረምሳ ታፏጫለች' ይባልልኝ? ሦስት ሴቶች ነን፤ ሦስታችንም ዜሮ። ወንዶቹ ከነፉጨታቸው ይቀጥላሉ፤ እኛ ከነጨዋነታችን ወንበር እንለቃለን። ይህ ፍርድ ነው?"

ልጁ ግን ዝም ብሎ የሚሰማ አይደለም። "ዳኛው አያውቅዎትም ስልዎት 'ትክክል ነው' ያሉት እርስዎ ራስዎ ነዎት" አለ። "ካሜራው የሚያየው ያየውን ነው። ከንፈር ሳይንቀሳቀስ ካየ አልተንቀሳቀሰም ይላል። ለምን እንደሆነ ቢጠይቅ ኖሮ፣ እኮ ያኔ ነው አማላጅ የሚገባው።"

እውነቱን ነው። ብዙ ሰው እዚያ ላይ ይሸነፍ ነበር።

"ዳኛው እኔን አይወቀኝ" አልኩት። "ሕጉን ያወጣው ሰው ግን ሴት መኖሯን ይወቅ።"

ልጁ ሊመልስልኝ አፉን ከፈተና ዓይኑ ካሜራው ላይ አረፈ። ቀዩ መብራት እየበራ ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቀርጾኛል።

ላጥፋው ቢል እኔ እምቢ አልኩ። "ላክላቸው" አልኩ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ስመለስ ልጁ ሳቁን መያዝ አቅቶት ጠበቀኝ። አዲስ አበባ ያሉት ሰዎች ድምፅ የሌለውን ጠቤን አይተውታል። እንዲህ ብለው ጽፈዋል አለኝ፦ ቅንድብ በሁለቱም በኩል በጥሩ ሁኔታ ይነሣል፤ ከንፈር ይሾላል፤ ጥርስ በግራም ይታያል፤ ነገር ግን ይህ የትኛው እንቅስቃሴ ነው? ከታዘዙት ውስጥ የለም።

"ምን ብለህ መለስክላቸው?"

"ቁጣ ነው አልኳቸው።"

ያን ጊዜ ነው ስለ ፉጨቱ የጻፈላቸው። ሴቶቹ ለምን እንደማያፏጩ ገልጾ፣ ሁሉም ሰው ያለ ሐፍረት የሚያደርገው ሌላ እንቅስቃሴ እንዲተካ ጠየቀ፤ እነሱም ተስማሙ። በፉጨት ፈንታ ሁለት ነገር መጣ፦ የሚፋጅ ሻይ እንደሚያበርዱ እፍ ማለት፣ ከዚያም ሁለቱንም ጉንጭ በአየር ሞልቶ ከንፈርን ገጥሞ መያዝ። "ግን ሁሉም እንደገና ይቀረጻል" አለኝ ልጁ። "ወንዶቹም ጭምር። ግማሹን በአንድ ሚዛን፣ ግማሹን በሌላ ሚዛን መለካት አይቻልም።"

"ትክክል ነው" አልኩ። ይህችው ቃል።

የጫት ነጋዴው ሲሰማ ሊፈነዳ ደረሰ። "አቦ! እኔ ጥሩ አድርጌ አፏጭቼ ጨርሻለሁ! ለሴቶች ሐፍረት እኔ ሁለቴ ልፈተን?" እያለ ኮሪደሩን አመሰው። ቢሆንም ገባ። እኛም በሩ ላይ ጆሯችንን ጣልን። ልጁ "ጉንጭዎን በአየር ይሙሉ፤ ከንፈርዎን ይግጠሙ፤ ይያዙ" ሲል ሰማን። ከዚያ ጎማ ሲተነፍስ የሚያሰማው ድምፅ መጣ። "እንደገና" አለ ልጁ። እንደገና ያው ድምፅ። ወተት ሻጯ ሻሿን አፏ ውስጥ ከተተች፤ እኔም ግድግዳውን ተደገፍኩ። ነገሩ ገባን። ሰውዬው ሲያፏጭ የኖረው በደህናው በኩል፣ በአፉ ጥግ ነው። የታመመው ጎን ምንም አላገዘም። ፉጨቱ ጮክ ስላለ ማንም አላስተዋለም።

ውጤቱ ሲመጣ ሦስታችን ሴቶች ለውጥ አሳይተናል ተብሎ ቀጠልን። ልብስ ሰፊዋ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ሳመችኝ። የጫት ነጋዴው ግን ለውጥ የለም ተባለ፤ ወንበሩን ለቀቀ።

ስወጣ ባጃጅ የሚቆምበት ጋ ጠበቀኝ።

"አንቺ ሴትዮ" አለ። "ወንበሬን ወሰድሽው።"

"ወንበሩ የአንተ አልነበረም፤ የፉጨትህ ነበር።"

"ፉጨቴ ምን በደለሽ?"

"ምንም። አንተን ነው የበደለህ። ታምሜያለሁ እንዳትል አደረገህ።"

ሌላ ስድብ አዘጋጅቼ ጠበቅሁት። እሱ ግን ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። "በርጫ ላይ ከጓደኞቼ ጋር መቀመጥ አፈርኩ" አለ ዝቅ ብሎ። "ስቅም ከአፌ ይወድቃል። በቀደም አንዱ ምንም ሳይል መሐረብ አቀበለኝ። ሳይስቅ! ቢስቅብኝ እሰድበው ነበር።" አየኋት፣ ያቺን መሐረብ። የዚያች ቲማቲም ሻጭ ጣት ሚዛኑን ሳይነካ የቀረበት ቀን ነው የመጣብኝ።

ተመልሼ ገባሁ። ልከራከርለት ነበር የገባሁት። ልጁ ፊት ስቆም ግን ነገሩን መዘንኩት። ሚዛኑ አንድ ነው፤ ዳኛው አያውቀውም፤ ሴቶቹን ያስቀጠለው ሕግ ነው እሱን ያስወጣው። ሕጉን ደግሞ ያስቀየርኩት እኔ ነኝ። አሁን ለእሱ ብዬ ላጣምመው?

"እማማ፣ ዝም አሉ" አለ ልጁ። ደንግጦ ነበር፤ ዓይኔን ሊመረምር ሁሉ ተነሣ።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ" አልኩት። "ወንበሩን ለቀቀ። እሺ። ፎጣና መስታወትም ይለቃል?"

ገብቶት ፈገግ አለ። "ፎጣና መስታወት በየቤቱ አለ። በግድ እንዳይጎትት ብቻ። አንድ ቀን ይዘውት ይምጡ፤ እንዴት እንደሚሠራ አሳየዋለሁ። ከዚያ የሚጠብቀው ሰው ያስፈልገዋል፤ ችኩል ነው።"

እንዲህ ሆኖ የጫት ነጋዴው ከሚስቱ ጋር እኔ ግቢ መምጣት ጀመረ፤ ከቀትር በኋላ፣ በርጫው ከመጀመሩ በፊት። ሚስቱ ፎጣውን ታሞቃለች። እኛ አንድ መስታወት ፊት ጎን ለጎን ተቀምጠን ፊታችንን እናጣምማለን፤ እፍ እንላለን፤ ጉንጫችንን እንነፋለን። እሷ ከሳቋ ብዛት ፎጣውን ሁለት ጊዜ አፈር ላይ ጣለችው። እሱ በጣቱ ጉንጩን ሰርቆ ወደ ላይ ሲደግፍ "እጅህን አውርድ!" እለዋለሁ። "አቦ፣ አንቺ ከካሜራው ትብሻለሽ" ይለኛል። የአፎቻውን ጭልፋ ገና አልጠየቅሁም። "ፍርድ" የምትለው ቃል ሙሉ ሆና ስትወጣልኝ እጠይቃለሁ፤ አሁን ግማሽ ነገሯ አየር ነው።

አንድ ቀን ስልኩን አወጣ። መጀመሪያ የመጣ ሰሞን ሚስቱ ቀርጻው ነበር፤ ያን ዕለት ደግሞ እንደገና ቀረጸችው። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ አፍንጫዬ ሥር አመጣቸው።

"ፍረጂኝ" አለ። "ተሻለኝ?"

አየሁ። የተሻለው መሰለኝ። ደግሜ አየሁ። ያን ጊዜ ደግሞ ይበልጥ የተሻለው መሰለኝ። ያኔ ነው ራሴን የጠረጠርኩት። ሰውዬውን ወድጄዋለሁ፤ እንዲሻለው እፈልጋለሁ፤ ዓይኔ ጉቦ በልቷል።

"እኔ አልፈርድም" አልኩት።

"ለምን?"

"አውቅሃለሁ።"

ሚስቱን ብንጠይቅ ያው ናት። ከጎን ባለው ቤት አንዲት ሴት ሰሞኑን ተከራይታ ገብታለች፤ ስሟን እንኳ ገና አልያዝኩትም፤ እሱን አይታው አታውቅም። ጠራኋት። ድምፁን አጥፍቼ፣ የትኛው ቀድሞ የትኛው ኋላ እንደሆነ ሳልነግራት ሁለቱን አሳየኋት። ሰላምታ እንኳ አላስጨረስኳትም።

ሴትዮዋ አንዱን አየች፤ ሌላውን አየች፤ ተመልሳ የመጀመሪያውን አየች። እሱ እንዳታየው ከበሩ ጀርባ ቆሞ ያደምጣል።

"እውነቱን ልናገር?" አለች።

"እውነቱን ብቻ።"

"ሁለቱም ደስ አይሉም። ግን ይህኛው በሁለቱም በኩል ነው የሚስቀው፤ ያኛው በአንድ በኩል ብቻ።"

"ይህኛው" ያለችው የዚያን ዕለቱን ነበር።

ሰውዬው ደስ አይሉም የተባለውን አልሰማም። ስልኩን ከእጇ ነጠቀና ለልጁ ሊያሳይ፣ ስሙን ከተራ ጠባቂዎቹ ጋር ሊያስይዝ፣ ነጠላ ጫማው አንዱ ሊወልቅ እየተንጠለጠለ ወደ ባጃጁ ሮጠ። ሚስቱ የሞቀውን ፎጣ እንደያዘች ደጃፉ ላይ ቀረች።

"እኔንስ?" ብላ ጮኸችበት። ባጃጁ ግን ተጠምዝዞ ሄዷል።